ከጭድ ቤት የወጣችው ቬስፓ

ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ወጥቼ ወደ ወልድያ መናኸሪያ ስወርድ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሰማያዊ ጭስ እየተፋ በአጠገቤ አለፈ። ቤንዚንና ዘይት አብረው ሲቃጠሉ የሚወጣ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ነው። አብረውኝ ይሄዱ የነበሩት የክፍሌ ልጆች አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ያዙ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ዘወትር ማስታወሻዋን የምታውሰኝ ልጅ ተመልሳ መጥታ «እትዬ የሺ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ደህና መሆኔን ነገርኳት፤ እጄ ግን ሳላዘው ሆዴን ይዞ ነበር። በአርባ ዓመቴ ገደማ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ከመርሳ ወልድያ በሳምንት ሁለት ቀን እመላለሳለሁ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ የጀመርኩትን ወሬ አቋርጣለሁ። ስለዚያች ቬስፓ ግን እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቷ ጋሽ ይመር አምና ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከእንግዲህ ሁሉንም እንዳለ ብጽፈው የሚከፋው ሰው የለም።

ጋሽ ይመርን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ያደግሁት ግራና ነው፤ እሳቸው በዚያ ዘመን ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ክትባት የሚከትብ፣ ሐኪም በሌለበት ሁሉ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። የነጭ ጋውናቸው ጫፍ ጎማ እንዳይገባ በቀበቶ ሸብ አድርገው፣ ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ ከኋላ የክትባት ሳጥን አስረው፣ በውሃ ሰማያዊ ቬስፓ ከመርሳ ይመጡ ነበር። ድምጿ ከሩቅ ይሰማል። ሰምተን ማሽላ ውስጥ እንገባለን፤ እናቶቻችን አንድ በአንድ እየለቀሙ ያወጡናል። የገበያ ቀን ከሆነ ግን ማንም አይፈራቸውም። ያን ቀን ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ወደ ጎን አስቀምጠው ይመጣሉ፤ የእትዬ ዘሀራ አረንጓዴ ሻሽ በነፋስ ይውለበለባል። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር። ስድስት ብርቱካን በአንድ ብር ይሰጣል፤ የመርሳ ብርቱካን ያን ጊዜ ልጣጩ ራሱ ይጣፍጥ ነበር። እናቴ የገዛችልኝ ቀይ ኮንጎ ጫማ አምስት ብር ይሁን ስድስት አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለሳምንት ያህል አቅፌው መተኛቴን ግን አስታውሳለሁ። የሻይ ቤቱ ራዲዮ አምባሰል ሲለቅ ጋሽ ይመር በጣታቸው የቬስፓዋን መቀመጫ እየመቱ ከዘፋኙ ጋር አብረው ያዜማሉ። ልጆች የፊት መብራቷ ላይ መልካችን ሲለጠጥና ሲያጥር እያየን እንሳሳቃለን። በኋላ መለዋወጫ ጠፋ። የጋሽ ይመር ዓይንም ሞራ ያለብሰው ጀመር። ቬስፓዋ ጡረታ በወጡበት ዓመት ጭድ ቤት ገባች፤ በላይዋ ላይ አገዳ ተከመረባት፤ ዶሮዎች መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ጣሉ።

እኔ አግብቼ መርሳ ስገባ ከባለቤቴ ከሙሉጌታ ጋር የተከራየነው እነሱ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሉጌታ ባጃጅ ይነዳል፤ ይጠግናልም። በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ትንሽ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ከፍተን እኔ እሸጥ ነበር። ካንዴላ፣ የፍሬን ሽቦ፣ ጎማ፣ ዘይት። የዕቃዎቹን ስም የተማርኩት ከደንበኛ አፍ ነው። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ ይሸሽ ነበር። ሙሉጌታ የስድስት ዓመት ልጃችንንና አንዲት አራስ ከነቤተሰቧ ጭኖ ወደ ደሴ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ እንደሚወስደኝ ነግሮኝ ነበር። በማግስቱ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ፤ ታጣቂዎች መርሳ ገቡ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በቀዶ ጥገና ነው። ያን ጊዜ ያዋለደኝ ሐኪም ለሁለተኛው ምጥ ሲጀምረኝ ቤት እንዳልቀመጥ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና ያለበት እንድደርስ፣ አለዚያ የቀድሞው ስፌት ሊቀደድ እንደሚችል አስጠንቅቆኛል። ከወልድያ በእግር የሚመጡ ሰዎች እዚያ ሁለት ሐኪሞች በየቤቱ በተለቃቀመ ዕቃ ቀዶ ጥገና እንደሚሠሩ አወሩ። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰላሙ ጊዜ ሰው የሚያስበው ርቀት አይደለም። አሁን ግን አንድም ባጃጅ የለም፤ ያልሸሸው ተወስዷል። የአህያ ጋሪዎቹ ለታጣቂዎቹ እህልና ጥይት ይጭናሉ። በእኛ አገር እናት ስታምጥ ቃሬዛ ይወጣል። ቃሬዛ ግን እየተቀያየሩ የሚሸከሙ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ጎበዝ ይፈልጋል፤ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ጫካ ገብቷል፣ ወይ ጣሪያ ሥር ተደብቋል። ቀድሜ በእግሬ ልሂድ ብዬ አንድ ማለዳ ተነሣሁ። ሲሪንቃ ሳልደርስ ደም አየሁ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው እናት በአህያቸው መለሱኝ። ጋሽ ይመር ሆዴን በመዳፋቸው ዳስሰው፣ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡና ሕፃኑ ደህና መሆኑን፣ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግቢ እንዳልወጣ ነገሩኝ። ከዚያ ጥግ ሄደው ተቀመጡ። የሚያስቡት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ እኔም ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ቬስፓዋን ያገኘኋት ለፍየሏ ጭድ ሳወጣ ነው። እጄ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። አገዳውን ገለጥ አደረግሁ። ሰማያዊው ቀለም ጠፍቶ መላ አካሏ እንደ ጓያ ሽሮ ቡናማ ሆኗል። ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀው መሬት ላይ ፈስሰዋል። ሳያት ሱቅ ውስጥ ስንቴ ያነሣሁት ያስቀመጥኩት ነገር ታወሰኝ።

«ጋሽ ይመር፣ የዚች ጎማ ልኩ የባጃጅ ጎማ ነው'ኮ» አልኳቸው።

«እና?»

«ሱቅ ውስጥ ሁለት አለኝ። ሙሉጌታ የቀበረው ሁለት ሊትር ቤንዚንም አለ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቋርጠው ከመቀመጫቸው ተነሡና በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ጭድ ቤት ገቡ። እትዬ ዘሀራ ከበሩ ላይ ሆነው «አንት ሰውዬ፣ ዶሮና ድመት በማይለይ ዓይንህ ምን ልትሆን ነው?» አሏቸው።

«አስፋልቱ ጥቁር ነው፣ ዳሩ ነጣ ይላል። ይኼን እለያለሁ» አሉ ጋሽ ይመር። «ሌላውን የሺ ከኋላ ሆና ትነግረኛለች።»

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን ተስማምተንበታል፤ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ድምጿ ከተሰማ በዚያው ሰዓት ይወስዷታል፤ መልእክት የሚያመላልስ ሰው አለ ብለው ጋሽ ይመርንም ሊወስዷቸው ይችላሉ። ስለዚህ ትሠራ አትሥራ ሳናውቅ ነው የሠራናት። እሳቸው በእጃቸው እየዳበሱ ይነግሩኛል፤ እኔ እፈታለሁ። ብሎኑ ሁሉ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ላምባ እናንጠባጥብበትና እስከ ማግስቱ እንተወዋለን። የቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ጣቴን ስከት ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተነሣ ወጣ፤ በዚህ ቤንዚን ቢገባ ቱቦው ወዲያው ይደፈናል። ጋሽ ይመር ኮምጣጣ ነገር ዝገት እንደሚበላ ያውቃሉ። ግቢው ውስጥ ሎሚ ሞልቷል፤ ገበያ ስለሌለ ሥሩ ወድቆ ይበሰብስ ነበር። አንድ ገንቦ ሙሉ ጨምቀን ከወንዝ ከመጣ ጠጠር ጋር ታንከሩ ውስጥ ጨመርነው። የሚወዘውዘው ሰው ግን ጠፋ፤ እኔ ተከልክያለሁ፣ የእሳቸው ክንድ ይዝላል። እትዬ ዘሀራ መጥተው አዩንና ገመድ አመጡ። ታንከሩን ልክ ወተት እንደሚናጥበት ቅል ከማገሩ አንጠልጥለው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይንጡት ጀመር። ሦስት ቀን ናጡት። ጎረቤት ድምፁን ሰምታ በዚህ ዘመን የምትታለብ ላም ከየት አገኛችሁ ብላ ብትጠይቅ፣ እትዬ ዘሀራ የፍየል ነው ብለው መለሱ። በሦስተኛው ቀን ቡናማውን ውሃ ስንደፋው ውስጡ እንደ አዲስ ብረት ያበራ ነበር።

ዘይት አልነበረንም። የሱቄን ዘይት ታጣቂዎቹ በገቡ በሳምንቱ አንድም ሳያስቀሩ ወስደውታል። የድሮ ቬስፓ ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ካልተቀላቀለ ፒስተኑ ግሎ ይነክሳል፤ ከነከሰ እዚያው ቀረች ማለት ነው። እትዬ ዘሀራ ለፀጉራቸው የሚያወጡት የጉሎ ዘይት አላቸው። ጋሽ ይመር በጣታቸው ነክተው አሸት አሸት አደረጉት፣ ቀመሱትም። «በዚህ ዘይት የስንቱን የሀብሩ ወረዳ ሰው ሆድ አስኪጃለሁ» አሉ። «ቬስፓንማ እንዴት ያቅተዋል።» ጉሎ ከቤንዚን ጋር ብዙም አይዋደድም፤ ቆም ሲል ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከመነሣቷ በፊት መወዝወዝ እንዳለባት ተማመንን።

ፈታሾች የመጡት ሞተሩ ተፈትቶ ሰፌድ ላይ በተዘረጋበት ቀን ነው። በር ሲንኳኳ እትዬ ዘሀራ ሊሰጣ የተዘጋጀውን በርበሬ አንሥተው በላዩ ላይ ገለበጡት። ሦስት ሆነው ገቡ። ሁለቱ ቤት ውስጥ ሲያገላብጡ አንዱ እኔ ፊት ቆመ። በርበሬውን አየ። ከረጢት ነገር ይዞ ነበር፤ ተቀመጠና በእፍኙ ያፍስ ጀመር። ከሥር ፒስተኑ አለ፣ ካርቡራተሩ አለ። አንድ እፍኝ ከዳር ወሰደ። ሁለተኛውንም ከዳር ወሰደ። ሦስተኛውን ሊያፍስ እጁን ወደ መሀል ሲሰድ ብናኙ አፍንጫው ገባና አስነጠሰው፤ ደጋግሞ አስነጠሰው። ጓደኞቹ ከቤት ወጥተው ሳቁበት። ፍየሏን ይዘው ሄዱ። እትዬ ዘሀራ በሩን ዘግተው እዚያው በሩ ሥር ተቀመጡ። ፍየሏ በቀን አንድ ሊትር ትታለብ ነበር።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ማስነሣት ግድ ሆነ። ምጥ በጀመረኝ ቀን ሳትነሣ ብትቀርስ? ቤንዚኑ እንዳይባክን ግማሽ ብርጭቆ ብቻ እንድንጠቀም ወሰንን። ስለ ድምጿ መላ የመቱት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ለሐሙስ ከሰዓት ዱዓ ጠሩ። በእኛ በወሎ ሰው ሲጨንቀው ዱዓ ይደረጋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ድቤ ይመታል፣ መንዙማ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ደግሞ ያልጨነቀው አልነበረም። ቤቱ ሞላ። ለምን እንደተጠራ ለማንም አልተነገረም። ድቤው ሲሟሟቅ፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ሲያነሣው፣ እኔና ጋሽ ይመር ጭድ ቤት ገባን። ቬስፓዋን ወዘወዝን። የእግር ማስነሻውን እሳቸው ረገጡ። ምንም የለም። አምስት ጊዜ ረገጡ፤ ላብ አጠመቃቸው። ካንዴላውን ፈትቼ በቀሚሴ ጠርጌ መለስኩት። እንደገና ረገጡ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ከዚያ ያዘች። ጭድ ቤቱ በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ጋሽ ይመር እጃቸውን መሪዋ ላይ እንደጫኑ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያው ቅጽበት ድቤው ቆመ። ስንኙ አልቆ የመንዙማው መሪ ትንፋሽ ሊወስድ ነው። ቬስፓዋ በጸጥታው መሀል ብቻዋን ትጮኽ ጀመር። ለማጥፋት ስጣደፍ ቁልፉን ሳትኩት። ከመንገዱ በኩል የሰዎች ንግግር ይሰማኛል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ድቤው ከበፊቱ በላይ ወረደ፤ ቤቱ ሁሉ መሬቱን ይረግጥ ጀመር። ቬስፓዋን አጥፍተን ስንወጣ እንግዶቹ ጠላና ብርዙን ይዘው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንድም ሰው ወደ ጭድ ቤት አላየም። አንድ ሽማግሌ ብቻ እኔን ሲመርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መንገድሽን ያቅናልሽ አሉኝ።

ምጡ የመጣው ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ፣ አንድ ማለዳ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ጋሽ ይመር ነጩን ጋውናቸውን ለበሱ። ለዚያ ቀን ብለን ባለችን የመጨረሻ ሳሙና አጥበነዋል። መርሳና ግራና ውስጥ ያ ጋውን የማያስከፍተው በር አልነበረም፤ ኬላ ላይም እንደዚያ የሚሆን መሰለን። ይህ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም የሁላችንም ነው። እትዬ ዘሀራ ከኋላ ሲያስቀምጡኝ በነጠላ ወገቤን ከጋሽ ይመር ወገብ ጋር አሰሩኝ። ወጣን። መንገዱ ባዶ ነበር። «ወደ ግራ… ትንሽ ወደ ቀኝ… ድንጋይ አለ» እያልኩ እነግራቸዋለሁ፤ ሕመሙ ሲመጣ ቃሌ ይቋረጣል፤ እሳቸው ወዲያው ያዘገማሉ። ሲያልፍልኝ «አሁንስ?» ይሉኛል፤ «ቀጥ ይበሉ» እላቸዋለሁ። የገበሬዎች ዓይን ከማሽላው ውስጥ ሲከተለን ይሰማኝ ነበር።

ሲሪንቃ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ስድስት ይሁኑ ሰባት ታጣቂዎች ነበሩ። አለቃቸው የሚመስለው ጎልማሳ እኔን አየ፣ ቬስፓዋን አየ፣ ከዚያ ጋውኑ ላይ ዓይኑ ተተከለ።

«ሐኪም ነዎት?»

«ድሬሰር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።»

«ይውረዱ። እዚያ ቤት ቁስለኞች አሉን።»

ጋሽ ይመር ሞተሩን አጠፉ፤ ከመቀመጫቸው ግን አልተነሡም። ነጠላው አሁንም አንድ ላይ አስሮናል። ልባቸው ሲመታ በደረቴ ይሰማኛል።

«እወርዳለሁ» አሉ። «እስክትለቁኝ ድረስ እሠራላችኋለሁ፤ ማምለጥም የምችል ሰው አይደለሁም፣ ዓይኔን ታየዋለህ። ይቺ ልጅ ግን መጀመሪያ ወልድያ ትደርሳለች። በዚችው ሞተር። ካልሆነ ተኩሰህ ጣለኝ፤ የሞተ ሰው ግን ቁስል አይሰፋልህም።»

ሰውየው ጠጋ ብሎ የጋሽ ይመርን ዓይን አየ። ሌሎቹ ወደ እሱ አዩ። ሕመሙ መጣብኝና የጋሽ ይመርን ጋውን በጥርሴ ነከስኩት። ከኋላ ቆማ የነበረች አንዲት ታጣቂ ልጅ ቀረበች። ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም፤ ፀጉሯን በቀጫጭኑ ተሠርታዋለች።

«እኔ ባጃጅ ነድቻለሁ» አለች።

አለቃው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል አላት። ጋሽ ይመር ነጠላውን ፈትተው ወረዱ። ማርሹ በግራ እጅ እንደሚዞር፣ ፍሪሲዮኑን ሳትጨብጥ ማዞር እንደሌለባት፣ ከመነሣቷ በፊት ቬስፓዋን እንድትወዘውዝ በችኮላ ነገሯት። ልጅቷ ስትወዘውዝ ሌሎቹ ሳቁባት። እሷ አልሳቀችም። ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ በሦስተኛው ሄድን። ዞሬ ሳይ ጋሽ ይመር መንገዱ መሀል ቆመው ጆሯቸውን ወደ እኛ አዘንብለው ያዳምጡ ነበር።

ልጅቷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ጠመንጃዋ ጀርባዋ ላይ ስለሆነ ደረቴን ይቆረቁረኛል፤ ወደ ጎን አዞረችው። ወልድያ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ያለው ዳገት ሥር ስንደርስ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ቆመ። ረገጠችው፤ እንቢ አለ። ብረቱ ከመጋሉ የተነሣ ይንጣጣል። ልጅቷ ወደ መጣንበት መንገድ ዞራ አየች። እዚያው ጥላኝ መሄድ ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። እኔም ይህንን አውቃለሁ፣ ማወቄንም አይታለች።

«መሄድ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«መቀመጫውን ያዢ።»

እሷ መሪውን ይዛ ገፋች፤ እኔ ከኋላ ተደግፌ ሄድኩ። ሕመሙ ሲመጣ እቆማለሁ፤ ያኔ ከጎማው ሥር ድንጋይ ትከትና ክንዴን ትይዘኛለች። ያ ዳገት ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አላውቅም። እኩሌታው ላይ ሱሪዋ በላብ ተጣብቆ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ እንደ እኔው ታምጥ ነበር። ከጫፉ ስንደርስ አስቀመጠችኝና ቁልቁለቱን ለቀቀችው፤ እየተንከባለልን ሳለ ሞተሩ ተነሣ። ሐኪሞቹ ካሉበት በር ላይ አወረደችኝ። ውሃ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ጠርሙሴን ሰጠኋት፤ አንጠፍጥፋ ጠጣችና አፈረች። ሽማግሌውን እንደምትመልሳቸው ነግራኝ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ዛሬም ድረስ የምጸጸተው በዚህ ነው። ልጄ የተወለደው ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሐኪሙ ስፌቱ መሳሳት ጀምሮ እንደነበረ፣ ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ሁለታችንም እንደማንገኝ ነገረኝ።

የእትዬ ዘሀራ ዘመድ ዘንድ ወልድያ ተቀመጥኩ። ታጣቂዎቹ ወጡ፤ መንገድ ተከፈተ፤ ሙሉጌታ ልጃችንን ይዞ ከደሴ መጣ። ሕፃኑ አርባ ቀን ሳይሞላው በጭነት መኪና መርሳ ገባን። ጋሽ ይመር ከሲሪንቃ የተለቀቁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ በእግራቸው ነው የተመለሱት። ጋውናቸው ተቀዶ ፋሻ ሆኗል። ልጅቷም ቬስፓዋም ወደ ኬላው ሳይመለሱ ቀሩ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ በሩ ላይ ተቀብለውኝ፣ ጋሽ ይመር ደህና መስለው እንደሚውሉ፣ ስለ ቬስፓዋ ግን አንድም ቀን እንዳላነሡ በሹክሹክታ አከሉልኝ። ግቢው በጎረቤት ሞልቶ ነበር። ጋሽ ይመር ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሕፃኑን በመዳፋቸው ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰሱት፤ መረቁት። ሁሉም ዝም እስኪል ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ፣ ያን የወልድያን ዳገት» አሉኝ። «በስንተኛ ማርሽ ወጣችው?»

ያ ዳገት ቬስፓዋ ገና አዲስ እያለች ጀምሮ የተጣላቸው ዳገት ነው። እትዬ ዘሀራን ጭነው ወልድያ ሲሄዱ አንድም ቀን አልወጣላቸውም፤ ሁልጊዜ እትዬ ዘሀራ ከሥር ይወርዳሉ፣ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ወጥተው ከላይ ይጠብቋቸዋል። ይህን በዚያ ግቢ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሎሚው ገንቦ እስካሁን ጥግ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያል። የእሳቸው ዓይን ግን ትንሽ ወደ ጎኔ ነበር የሚያየው፤ ጆሯቸው ነው ወደ እኔ የዞረው።

«በሁለተኛ» አልኳቸው።

«በሁለተኛ?»

«አዎ። አልቆመችም።»

ጋሽ ይመር ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ በሙሉጌታ ፊት ላይም አላየሁትም።

«ሰማሽ ዘሀራ?» አሉ። «ሾፌሯ፣ የሺ፣ ከሆዷ ያለው። ሦስት ሰው ጭና፣ በሁለተኛ!»

እትዬ ዘሀራ ሕፃኑን ከእጃቸው ተቀበሉ። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ቶሎም አልነቀሉልኝም።

«ሰማሁ» አሉ።